መሪው ሲንቀጠቀጥ ከመክፈል በፊት መጠየቅ

በስደት አገር ያረጀ ፒክአፕ የብዙ ወገን እንጀራ ነው። ቀለም ቀቢው፣ ዕቃ አመላላሹ፣ ሌሊት ቢሮ የሚያጸዳው ሁሉ የሚገዛው አሥርና ሃያ ዓመት በሰው እጅ የኖረ መኪና ነው። እንዲህ ያለው መኪና አንድ ቀን መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ወይ «አርጅቷል፣ ምን ይደረግ» ብሎ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ይነዳል፤ ወይ ደግሞ ምግብ ቤት ያገኘው ወዳጁ «ዲስኩ ተጣሞ ነው» ስላለው ብቻ የሳምንት ደመወዙን ለመለዋወጫ ያፈሳል። የመጀመሪያው ነፍስ ሊያስከፍል ይችላል፤ ሁለተኛው ገንዘብ ያስከፍላል።

አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት መንቀጥቀጡ መቼ እንደሚመጣ ነው። ፍሬን ሳይነካ በሰዓት ከ50 እስከ 70 ማይል ባለው ፍጥነት ከመጣ በዲስኩ መፍረድ አይገባም። የጎማ ባላንስ፣ የተጣመመ ቸርኬ ወይም ያበጠ ጎማ ይጠርጠር። መሪው ላይ ከተሰማ ከፊት ጎማዎች፣ ወንበሩ ላይ ከተሰማ ከኋላዎቹ መሆኑ ያመዝናል።

ፍሬን ሲያዝ ብቻ መሪው ከተንቀጠቀጠ ግን የፊት ዲስኮች ይታዩ። ፔዳሉና ወንበሩ ብቻ ከሆኑ የሚርገበገቡት ጥርጣሬው ወደ ኋላ ይዞራል፤ በአብዛኛው አሮጌ ፒክአፕ የኋላው ፍሬን ባለታምቡር ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሰውና መኪና በሌለበት ደረቅ ሜዳ፣ በዝግታ እየሄዱ፣ መልቀቂያውን ሳይለቁ የእጅ ፍሬኑን ቀስ አድርጎ መያዝ። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ብቻ ስለሆነ፣ መኪናው ያኔ ከተንዘፈዘፈ ታምቡሩ ራሱን አጋልጧል። (ኤ.ቢ.ኤስ. ያለው መኪና በሚያንሸራትት መንገድ ላይ በኃይል ሲያዝ ፔዳሉ ቢርገበገብ ግን በሽታ አይደለም።)

«ተጣመመ» የሚባለው ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ አልተጣመመም። ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል መሆኑ ቀርቶ በሚሊሜትር መቶኛ ክፍሎች ይለያያል፤ እግር የሚሰማው ይህንኑ ነው። ብዙ ጊዜ መነሻው ዲስኩ የሚቀመጥበት ፊት ላይ የተጋገረ ዝገት፣ ወይም በአየር መፍቻ ያለ ልክ የጠበቀ የጎማ ብሎን ነው። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ሳይጸዳ፣ ብሎኖቹ በመለኪያ ቁልፍ በተራርቆ ሳይጠብቁ አዲስ ዲስክ ቢገጠም፣ ከጥቂት ሺህ ማይል በኋላ ያው መንቀጥቀጥ ይመለሳል። ባለቤቱም መለዋወጫው የማይረባ ነበር ብሎ ሌላ ይገዛል።

ከሁሉ የሚያሰጋው የመሪ ዕቃ መላላት ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ በድጋፍ ላይ ተቀምጦ፣ ጎማው ግራና ቀኙ ተይዞ ሲነቀነቅ ቀጭ ቀጭ ካለ የመሪ ዘንጎቹ መጋጠሚያ ይፈተሽ፤ ከላይና ከታች ተይዞ ከተነቃነቀ ኩሽኔታው ወይም ቦል ጆይንቱ። እንደ 1994 እስከ 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ዶጅ ራም ባለአራት ጎማ ጎታች ያሉ፣ የፊት አክሰላቸው አንድ ወጥ የሆነ መኪኖች ደግሞ አክሰሉን በጎን የሚይዘው ዘንግ ሲላላ፣ ጉድጓድ በመቱ ጊዜ መሪው ከእጅ እስኪያመልጥ ይንዘፈዘፋሉ። ይህን ባላንስ አያድነውም። እንዲህ ባለ መኪና ሦስት የሥራ ጓደኛ ጭኖ አውራ ጎዳና መውጣት ድፍረት ሳይሆን ግፍ ነው።

ሌላው ችግር ይሉኝታ ነው። ጋራዡ የወገን ከሆነ ዋጋ መጠየቅ፣ የወለቀውን ዕቃ አሳየኝ ማለት እንደ ስድብ ይቆጠራል። በካሊፎርኒያ ሕግ ግን ጋራዥ ከሥራው በፊት ግምቱን በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ደንበኛው ሥራውን ሲያዝ ከጠየቀም የወለቀው ዕቃ በአብዛኛው ይመለስለታል። ጥሩ መካኒክ በዚህ አይቀየምም፤ እንዲያውም ባለቤቱን ጎኑ አስቀምጦ መኪናውን ራሱ ይነዳል። ቁልፉን ተቀብሎ መሪውን እንኳ ሳይጨብጥ «ዲስክ ነው» ከሚለው ቁልፉን መልሶ ተቀብሎ ወደ ሌላ መሄድ ነው።