ከሠርጉ በኋላ የሚጀምር ፊልም

የፍቅር ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ሠርጉ ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ኑሮ የተከታታይ ድራማ ድርሻ ነው፤ ኩርፊያ፣ ቅናት፣ የአማት ጣጣ። ሰሞኑን ልጆቹ ከተኙ በኋላ እኔና ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየናቸው ስድስት የሆሊውድ የወንጀል ፊልሞች ግን የሚጀምሩት ከሠርግ በኋላ ነው። «ዘ ቲን ማን» ይባላሉ፤ «ቀጭኑ ሰው» ማለት ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1934፣ የመጨረሻው በ1947 ለእይታ የበቁ ናቸው።

ኒክ ቻርልስ የግል መርማሪነቱን ትቶ የባለጸጋ ሚስቱን የኖራን ሀብት የሚያስተዳድር ሰው ነው። ለገና ኒው ዮርክ እንዳሉ አንድ የፈጠራ ባለሙያ ይጠፋል፤ ሬሳ ይገኛል፤ ኒክም ወደተወው ሥራ ይጎተታል። (በነገራችን ላይ ቀጭኑ ሰው የጠፋው ሰውዬ ነው። ተመልካቹ ግን ኒክ ስለመሰለው ስሙ በቀጣዮቹም ፊልሞች ጸንቶ ቀረ።)

ገዳዩን ለመገመት ብዙ አትልፉ፤ ስሙም ተጠርጣሪውም ይበዛል። መጨረሻ ላይ ኒክ ሁሉንም እራት ይጋብዛቸዋል፤ አስተናጋጆቹ ፖሊሶች ናቸው። ትዕይንቱ ግሩም ነው። መልሱን ግን በሳምንቱ ትረሱታላችሁ።

የማይረሳው የሁለቱ ጨዋታ ነው። በገና ጠዋት ኒክ ሶፋ ላይ ተጋድሞ፣ በስጦታ ባገኘው የአየር ጠመንጃ የገናውን ዛፍ ጌጦች እያነጣጠረ ይመታል። ኖራ አዲሱን ካፖርቷን ቤት ውስጥ ለብሳ ቁጭ ብላ ታየዋለች። ሌላ ጊዜ መሣሪያ የያዘ ሰው መኝታ ቤታቸው ይገባል። ኒክ ጥይት እንዳያገኛት ሚስቱን በቡጢ ገፍትሮ ይጥላትና ሰውዬውን ያሸንፈዋል። ስትነቃ የምትናደደው ስለመታት ሳይሆን ትግሉ ስላመለጣት ነው።

የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጁት ፍራንሲስ ጉድሪችና አልበርት ሃኬት ራሳቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ዳይሬክተሩ ቫን ዳይክም ከዳሺል ሃሜት ልብ ወለድ ሤራ ይልቅ በጥንዶቹ ጨዋታ ላይ እንዲያተኩሩ ጠይቋቸዋል። ተዋናዮቹ ዊልያም ፓወልና ማይርና ሎይ በ14 ፊልሞች አብረው ስለሠሩ ብዙ ሰው በእውነት የተጋቡ ይመስለው ነበር።

እርግጥ ነው፣ የቤት ኪራይ የማያሳስበው ሰው ቢቀልድ አይገርምም። እኛ ማታ ስንገናኝ የምናወራው ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስለ ውኃ፣ ነገ ልጆቹን ማን እንደሚያመጣ ነው። ባለቤቴ ይህንኑ አንስታ፣ «ግን ሲያወሩ እኮ ይተያያሉ» አለችኝ። ገንዘቡን ለኒክና ለኖራ እንተውላቸው፤ መተያየቱ ግን አይከፈልበትም።

ከልጆች ጋር ለማየት ካሰባችሁ መጠጡን አስቡበት። በመጀመሪያው ፊልም ኖራ፣ ባሏ ስድስተኛ ማርቲኒው ላይ መድረሱን ስትሰማ ለራሷ አምስት ተጨማሪ ታዝዛለች። ያን ጊዜ ያስቅ ነበር፤ ዛሬ ለአሥር ዓመት ልጅ ማስረዳት ይከብዳል። አስታ የተባለው ውሻቸው ግን ልጆችን ሳያስፈነድቅ አይቀርም።

ለቤተሰብ የሚሻለው በ1945 የወጣው አምስተኛው ነው። በእሱ ኒክ የሚጠጣው የፖም ጭማቂ ነው፤ ምክንያቱም ወላጆቹ ቤት ሄዷል። አባቱ ሐኪም ናቸው፤ ልጃቸውም ሐኪም እንዲሆን ነበር ምኞታቸው። ስመ ጥር መርማሪ ሆኖም በአባቱ ፊት ገና የሚሽቆጠቆጥ ልጅ ነው። ኖራ ደግሞ አማቷ ባሏን እንዲያደንቁላት የማትፈነቅለው ድንጋይ የለም። በመጨረሻ አባትየው ምን እንዳሉ ራሳችሁ እዩት።