የድኻ መታወቂያ ለምን ይፈለጋል?

የሠፈራችን ነዋሪዎች ሆይ!

«የኔ መታወቂያ ለማን ይረባል? የሚሰረቅ ሀብት የለኝ» ሲባል በየደጁ እንሰማለን። ተሳስታችኋል! ባለሀብቱማ ጠበቃም የሒሳብ ሠራተኛም አለው። ሌባ የሚፈልገው የገቢዎችን ደጅ ረግጦ የማያውቀውን ሰው ነው።

አሠራሩ ይኸው። ሰበታ ፋብሪካ በር ላይ ሥራ ወደሚጠብቀው ወጣት፣ ቡራዩ ወዳለው የቀን ሠራተኛ፣ ሱሉልታ ጉሊት ወደምትቸረችረው እናት አንድ ደኅና የለበሰ ሰው ይመጣል። ሥራ ላስቀጥርህ፣ ብድር ላስፈቅድልሽ ይላል። መታወቂያ ይወስዳል፤ የጣት አሻራ ያሰጣል፤ ውክልና ያስፈርማል፤ ጥቂት ብርም ጣል ያደርጋል። በዚያ ስም ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይወጣል፤ ደረሰኝ ይታተማል። ዕቃ የሚባል ነገር የለም! የሚሸጠው ወረቀቱ ነው።

ወረቀቱንስ ማን ይገዛል? ግብር የሚያንገሸግሸው ነጋዴ ነዋ! ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። የ1,000,000 ብር ዕቃ ገዛሁ ብሎ ሐሰተኛ ደረሰኝ ያቀረበ፣ 150,000 ብር ከሚከፍለው ላይ ያስቀንሳል፤ ወይም ተመላሽ ይደረግልኝ ይላል። በመዝገብ ላይ ሻጭ ተብሎ የሰፈረው ግን ያ የቀን ሠራተኛ ነው። የሰበሰብከውን 150,000 ብር የት አደረስከው የሚባለውም እሱ ነው። ቲማቲም የምትቸረችር ሴት እንግዲህ ይህን በምን አፏ ታስረዳ?

ገቢዎች ሚኒስቴር በ2011 ዓ.ም. ግብይት ሳይኖር ደረሰኝ ብቻ የሚሸጡ ድርጅቶችን ስም ይፋ አድርጎ ነበር። ደግ አደረገ። ነገር ግን ስሙ የተጻፈበትን ብቻ ማሳደድ ዋናውን ሌባ መሸሸግ ነው እንላለን። ደረሰኙን ገዝቶ ያተረፈው ይያዝ!

«ሰው ልርዳ ብዬ ነው የሰጠሁት» የሚሉም አልታጡም። ኧረ ይህስ ምን ዓይነት ርዳታ ነው? በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 መለያ ቁጥርን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል።

ስለዚህ ሳታነቡ፣ ማንበብ የማትችሉም ሳታስነብቡ አትፈርሙ። የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ ስትሰጡ ለምን ጉዳይ እንደሆነና ቀኑን በላዩ ጻፉበት። የፋይዳ ቁጥራችሁንና በስልክ የሚላክላችሁን የምስጢር ቁጥር ለማንም አትንገሩ። መታወቂያ የጠፋበት ውሎ ሳያድር ለፖሊስ ያመልክት። ውክልና ሰጥቶ የተጠራጠረ ቶሎ ያሽር። በስሜ የተከፈተ የግብር መዝገብ አለ ወይ ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም። ሦስቱ ከተሞቻችን በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ስለተጠቃለሉ፣ የምትጠይቁት የክፍለ ከተማችሁን ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ነው። ብቻውን መሄድ የከበደው ለማኅበሩ ጸሐፊ ይንገር፤ አብሮት የሚሄድ ሰው እንመድባለን።