«ካርቱን ነው፣ ተዉት» አትበሉን!

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኛ ወላጆችም የያዝነውን የማንለቅበት አንድ ጉዳይ አለ። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው ሰው ከሆነ «ምንድን ነው የምታዩት?» ብለን እንቆጣለን። ሥዕል ከሆነ ግን «ካርቱን ነው፣ ተዉት ይይ» ብለን ወደ ጓዳችን እንገባለን። ለመሆኑ ካርቱን ሁሉ የልጅ ነው ያለን ማነው? ማንም! ራሳችን ደንግገን ራሳችን ያጸደቅነው ሕግ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳኝ «ኢንቪንሲብል» የሚባለው የአሜሪካኖች ተከታታይ ካርቱን ነው፤ «የማይበገረው» እንደ ማለት። የአማዞኑ «ፕራይም ቪዲዮ» እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ማሳየት ጀመረ። መነሻው ሮበርት ኪርክማን የተባለ ደራሲ ከሠዓሊዎች ጋር ሆኖ ከ2003 ጀምሮ ሲያሳትመው የነበረ የሥዕል ታሪክ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ በፍላሽና በቴሌግራም የማይገባ ነገር የለምና እኔም ቤት ደረሰ። የመጀመሪያውን ክፍል ከወንድሜ ልጅ ጋር ቁጭ ብዬ አየሁት።

ጅማሬው ምንም አይል። ማርክ የሚባል የ17 ዓመት ጎረምሳ አለ። አባቱ ኦምኒ ማን ይባላል፤ ሪዛም ነው፣ ቀይ ካባ ለብሶ ይበራል፣ ዓለምን ይጠብቃል። ልጁም በተራው ኃይል ያገኝና ከአባቱ መብረር ይማራል። ደስ ይላል! ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ያ የተከበረ አባት አብረውት ዓለምን የሚጠብቁትን 7 ጀግኖች አንድ በአንድ በእጁ ይፈጃቸዋል። ጭንቅላት ይፈረጣል፣ ደም ይረጫል። አጠገቤ ያለው ልጅ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

ታዲያ ይታገድ ልል ነው? አይደለም። እንዲያውም በአንድ ነገር አመሰግነዋለሁ። በ1990ዎቹ አሜሪካ የሠራችውን የ«ስፓይደር ማን» ካርቱን አስታውሱ። የቴሌቪዥን ጣቢያው ለልጆች ብሎ ጠብመንጃውን ሁሉ የጨረር መጫወቻ አስደረገው። ደም መጣጩ ሞርቢየስ እንኳ «ደም» እንዳይል ተከልክሎ «ፕላዝማ» ይል ነበር! ሕንፃ ይፈርሳል፣ የሚሞት የለም። ቡጢ ይሰነዘራል፣ የሚደማ የለም። ይኼ ደግ ውሸት ነው፤ ግን ውሸት ነው። «ኢንቪንሲብል» ቡጢ አጥንት እንደሚሰብር፣ ሕንፃ ሲወድቅ ውስጡ ሰው እንዳለ ያሳያል። አዋቂ ይኼን ቢያይ ይማርበታል። አሜሪካኖቹም «ለአዋቂ ብቻ» የሚል ምልክት ለጥፈውበታል። ምልክቱን ሳያነብ ለ8 ዓመት ልጅ የሚከፍተው ማነው? እኛ ነን።

ደግሞ ልጅን የሚያስደነግጠው ደሙ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የባሰው አባትየው ነው። ኦምኒ ማን የመጣው ቪልትረም ከሚባል ገዢ ፕላኔት ነው፤ ዓለምን ሲጠብቅ የኖረው ለጌቶቹ ሊያስረክባት ነው። ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ምዕራፍ ማብቂያ ላይ ይወጣል። ሃያ ዓመት አብራው የኖረችውን ሚስቱን ከቤት እንስሳ ይቆጥራታል። ልጁን አንጠልጥሎ በሚገሰግስ ባቡር ፊት ያቆመዋል፤ የልጁ ገላ አይበገርምና ባቡሩ ተሳፋሪው ሁሉ እያለቀ በላዩ ላይ ይተረተራል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ልጁን «ሊያስተምረው» ነው!

ጠባቂያችሁ ነኝና ሕይወታችሁ የኔ ናት የሚል ጠባቂ። አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ወደ ሌላ እንዳትወስዱብኝ፤ ስለ ካርቱን ነው የማወራው!

እንግዲህ አስቡት። ለትንሽ ልጅ ጭራቅ ከውጭ ሲመጣ አባቱ ጉያ ይገባል። ጭራቁ አባቱ ሲሆንስ የት ይግባ? በየቤቱ የሚደበደብ ልጅ የለም እንዴ? ጦርነቱ ደጁ ድረስ መጥቶበት፣ ያላየው ሳይኖር ከተማ የገባስ ልጅ የለም? እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ለኛ «ሥዕል» የሆነው ለሱ ሥዕል አይደለም። ሌሊት ሲባንን «ምን ነካው?» እንላለን እንጂ ቀን ምን እንዳየ አንጠይቅም።

እኔ የምለው ቀላል ነው። ከመክፈታችሁ በፊት ምልክቱን አንብቡ። ትንንሾቹ አይዩት። ጎረምሳው ካየው ደግሞ ብቻውን አይይ፤ አጠገቡ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ኦምኒ ማን ልጁን መግደል ያቅተዋል፤ እያለቀሰ ምድርን ጥሎ ይሸሻል። ለምን አቃተው? ከልጅ ጋር ሊያወያይ የሚችል ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔና የወንድሜ ልጅ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረንበታል።

ፊልም በፍላሽ የምትጭኑ ወንድሞችም አደራ! ይህን ከ«ቶም ኤንድ ጄሪ» ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አትክተቱት። «ካርቱን» የሚል ስም ሰጥታችሁ የምትሸጡት ዕቃ ማን እጅ እንደሚገባ እናንተም ታውቃላችሁ።