አዲስ የማቀዝቀዣ ዕቃ ሳይታጠብ አይገጠም

ለፊልም ቅንብር፣ ለምሕንድስና ንድፍና ለጨዋታ የሚፈለጉት ብርቱ ኮምፒዩተሮች ብዙ ሙቀት ስለሚያወጡ፣ አንዳንድ ገዢዎች በነፋስ ማራገቢያ ፈንታ የውሃ ማቀዝቀዣ እንዲገጠምላቸው ይጠይቃሉ። ይህን ዕቃ የሚያስመጣም ሆነ የሚገጥም ነጋዴ ሊያስብበት የሚገባው ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ከካርቶን የወጣው አዲስ ዕቃ ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ የማይመጣ መሆኑ ነው። አዲስ ጀበና ሳይሟሽ ቡና እንደማይፈላበት ማንም ያውቃል፤ ዋጋው ከጀበና እጅግ የሚበልጠው ራዲያተር ግን ከሳጥኑ እንደ ወጣ ሲገጠም ይታያል።

ችግሩ የሚብሰው በዚሁ በራዲያተሩ ላይ ነው። የመዳብና የናስ ክፍሎቹ በፋብሪካ ሲበየዱ፣ ብየዳው እንዲይዝ የሚቀባው ፍለክስ የተባለ ኬሚካልና ጥቃቅን የማዕድን ፍርፋሪ በውስጡ ይቀራሉ። ውሃው መዞር ሲጀምር ይህ ትራፊ ከማቀዝቀዣው ፈሳሽ ጋር ይዋሐዳል፤ ቀለሙን ይለውጣል፣ ዝቃጭም ይፈጥራል። ዝቃጩም በፕሮሰሰሩ ላይ በሚቀመጠው ብሎክ ውስጥ ይከማቻል፤ በዚያ ያሉት የውሃ መተላለፊያዎች ስፋታቸው ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ በመሆኑ በቀላሉ ይደፈናሉ። ከዚህም የተነሣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ደንበኛው አኩርፎ ይመለሳል፤ ፈሳሹን ማፍሰስ፣ ብሎኩን ፈትቶ መቦረሽና እንደገና መግጠም ግድ ይሆናል። ለዚህ ሥራ ማንም ገዢ በፈቃዱ አይከፍልም።

አስቀድሞ ማጠቡ ግን አስቸጋሪ አይደለም። ራዲያተሩ እስከ ግማሹ ሙቅ ውሃ ይጨመርበታል፤ የፈላ ግን መሆን የለበትም። ቀዳዳዎቹ ተዘግተው ለጥቂት ደቂቃ ይወዘወዛል፤ ከዚያም ውሃው በነጭ ሳህን ላይ ይገለበጣል። ፍርፋሪ እስከማይታይበት ድረስም ይደጋገማል። የቧንቧ ውሃ ማዕድን ትቶ ስለሚሄድ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ዲስቲልድ ውሃ መሆን ይገባዋል። ይህም ለመኪና ባትሪ የሚጨመር ስለሆነ በመለዋወጫ ሱቆች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ለባትሪ ከሚሸጠው አሲድ ጋር እንዳይምታታ ጽሑፉን ደኅና አድርጎ ማንበብ ያሻል።

ዕቃውን ሁሉ በአቼቶ ወይም በሌላ አሲድ መንከር የተገባ አይደለም። በኒኬል የተለበጠው ብሎክ ልባጡ ሊነሣ ይችላል፤ አክሪሊክ የሆነውም ክፍል አልኮል ሲነካው ይሰነጠቃል። ለእነዚህ ዲስቲልድ ውሃ ይበቃቸዋል። ፋብሪካው ሞልቶና አሽጎ የሚልከው ዝግ ዓይነት ማቀዝቀዣ ደግሞ ፈጽሞ አይከፈትም።

አስመጪው በበኩሉ የሚጠየቅበት ነገር አለ። ርካሽ ነው ብሎ የአሉሚኒየም ራዲያተር አስመጥቶ ከመዳብ ብሎክ ጋር የሚሸጥ ቢኖር፣ ሁለቱ ማዕድኖች በአንድ ውሃ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ እየተበላ ይሄዳልና፣ ያን ጉዳት የቱም ዓይነት እጥበት አይመልሰውም።

ስለ ወጪው አንዳንዶች፣ «ገዢው አዲስ ዕቃ ገዝቶ ስለ ምን የማጠቢያ ይከፍላል?» ይላሉ። ጥያቄው አግባብ አለው። ስለዚህ ገጣሚው ድካሙን ከመግጠሚያው ዋጋ ጋር አስቦ፣ ዕቃው የታጠበ መሆኑን በደረሰኙ ላይ ቢጽፍ ይሻላል፤ ክርክር ሲነሣ ማስረጃ ይሆነዋል። ዕቃውን ለብቻው የሚሸጥ ባለሱቅም የአጣጠቡን ሥርዓት በአማርኛ የያዘ አንድ ወረቀት ከዕቃው ጋር አያይዞ ይስጥ፤ ዲስቲልዱንም ውሃ በዚያው መደርደሪያ ላይ ቢያኖር ገዢው ወደ ሌላ ሱቅ አይሄድም።