ድራማው ሲያረጅ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

አንድ የማውቃቸው የመርካቶ ጅምላ ነጋዴ ሰሞኑን ሱቃቸው ድረስ አስጠሩኝ። ሻይ ከታዘዘ በኋላ ከመሳቢያቸው አንድ ደብዳቤ አውጥተው ሰጡኝ። ድርጅታቸው ላለፉት ሁለት ዓመታት ስፖንሰር ያደረገው ተከታታይ ድራማ ሦስተኛው ምዕራፍ ሊጀመር ስለሆነ ውሉ ይታደስ የሚል ነው። ዋጋው ከአምናው በግማሽ ጨምሯል። ‹‹ባለቤቴም ልጆቼም ይህን ድራማ ማየት ከተዉ ቆይተዋል፤ እነዚህ ግን ጨምር ይሉኛል። አንተ ኢኮኖሚክስ የተማርክ ልጅ ነህ፤ እስቲ ንገረኝ፣ ዕቃው እየወረደ ዋጋው የሚወጣው የት አገር ነው?›› አሉኝ።

መልሱ ‹‹በብዙ አገር፣ በተለይም በአሜሪካ›› የሚል ነው። የዛሬው ጽሑፌም የጋሼን ጥያቄ የሚመለከት ነው። ጉዳዩ ሲታይ የመዝናኛ ገጽ ወሬ ይመስላል። ነገር ግን ተከታታይ ድራማ እንደማንኛውም ሸቀጥ አምራች፣ ገዢ፣ ውልና ዋጋ ያለው ነገር ነው። ስሙ ከፍ ባለ ሰዓት ገብቶ ሲወርድ የሚወጣ ነጋዴ ደግሞ በድራማም በአክሲዮንም በቤትም ያው ነጋዴ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ዋጋ ሁለት ጊዜ ይዘገያል

በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። በአሜሪካ በቆየው ልማድ ድራማውን የሚሠራው ስቱዲዮና የሚያስተላልፈው ጣቢያ ሁለት የተለያዩ ወገኖች ናቸው። ጣቢያው ለእያንዳንዱ ክፍል የማስተላለፊያ ክፍያ ይከፍላል። ይህ ክፍያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማምረቻ ወጪውን ስለማይሸፍን ስቱዲዮው ጉድለቱን ከራሱ ኪስ እየሞላ ይቆያል። ተስፋው ድራማው ወደ 100 ክፍል ሲጠጋ ለሌሎች ጣቢያዎች በድጋሚ ተሸጦ የሚገኘው ገቢ ነው። በዓመት 22 ክፍል ይሠራ በነበረበት ዘመን ይህ ማለት አራት ወይም አምስት ዓመት ነው። በመሆኑም ታሪኩ በሦስተኛው ዓመት ቢያልቅም ስቱዲዮው አላለቀም ለማለት በቂ ምክንያት አለው።

ሁለተኛው ነገር የውል ማብቂያ ነው። የመጀመሪያው የጣቢያ ውል የሚያልቀው ብዙውን ጊዜ ድራማው ከፍተኛ ዝና ላይ በደረሰበት ወቅት ነው። የተዋንያኑም ውል እንዲሁ ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ አንድ ሰው በግል አገልግሎት ውል ከሰባት ዓመት በላይ ታስሮ እንዲቆይ አይፈቅድም። ስለዚህ በአምስተኛው፣ በስድስተኛውና በሰባተኛው ዓመት ላይ ሁሉም ወገን ‹‹እስከ አሁን ላደረግሁት ክፈለኝ›› እያለ ይመጣል። ወጪ ሽቅብ ይወጣል። ታሪኩ ግን በዚያው ሰዓት ቁልቁል መሄድ ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ዋጋ የሚከተለው የተመልካችን ቁጥር ነው፤ የተመልካች ቁጥር ደግሞ የሚከተለው የሥራውን ጥራት ነው። ሁለቱም ወዲያውኑ አይከተሉም። ሰው የለመደውን ድራማ በአንድ መጥፎ ክፍል አይተወውም፤ የተወውንም በአንድ ጥሩ ክፍል አይመለስበትም። ስለዚህ ዋጋ ከጥራት ሁለት ጊዜ ዘግይቶ የሚመጣ ነገር ነው። የሚከፈለው ባለፈው ተመልካች ሒሳብ ሲሆን የሚገዛው ግን ገና ያልተጻፈ ታሪክ ነው። ይህን አባባል በአራት የታወቁ ድራማዎች እናስረዳ።

13 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ ክፍል

‹‹ኢ አር›› የተሰኘው የሐኪም ቤት ድራማ በኤንቢሲ ጣቢያ መታየት የጀመረው በ1994 ነው። ወዲያውኑ ገነነ፤ በደህናው ጊዜ በሳምንት ወደ 30 ሚሊዮን ሰው ያየው ነበር። በጥር 1998 የመጀመሪያው ውል ሊያልቅ ሲል ኤንቢሲ ለዋርነር ብራዘርስ በክፍል 13 ሚሊዮን ዶላር ለሦስት ዓመት ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ በፊት ሲከፈል የነበረው ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። ጠቅላላው ወደ 850 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ሲሆን፣ በወቅቱ በቴሌቪዥን ታሪክ እንዲህ ያለ ዋጋ ለአንድ ድራማ ተከፍሎ አያውቅም ነበር።

ኤንቢሲ ይህን ያደረገው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ‹‹ሳይንፌልድ›› የተባለው ታላቅ አስቂኝ ተከታታይ በዚያው ዓመት ሊያበቃ መሆኑ ተነግሮ ነበር፤ የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ የማስተላለፍ መብትም በዚያው ጥር ወር ከእጁ ወጥቷል። በአንድ ወር ሦስት ዓምድ ከሚወድቅበት አንዱን በማንኛውም ዋጋ ማቆም ነበረበት። ሻጩም ይህን ያውቃል። ገዢው መቸገሩን ሻጩ ሲያውቅ ዋጋ ምን እንደሚሆን ለመርካቶ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚያስ? በ1998-99 ድራማው አሁንም በአሜሪካ አንደኛ ነበር። ነገር ግን ጆርጅ ክሉኒ በየካቲት 1999 ለቀቀ፤ ሌሎቹም ዋና ዋና ተዋንያን በየተራ ተከተሉ። ድራማው በአዳዲስ ፊት ይቀጥል እንጂ ተመልካቹ በየዓመቱ እየሳሳ ሄደ። በሚያዝያ 2009 የመጨረሻው ክፍል ሲተላለፍ ያየው ከ16 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው፤ ለስንብት ጥሩ ቁጥር ቢሆንም ከቀድሞው ግማሽ ያህል ነው። ዋጋው ጣሪያ የነካው ተመልካቹ ጣሪያ ላይ በነበረበት ሰዓት ነው፤ ከጣሪያ በኋላ ያለው መንገድ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ይሁንና ‹‹ኢ አር›› 15 ዓመት መቆየቱ ራሱ ትምህርት አለው። የሐኪም ቤት በር በየቀኑ አዲስ በሽተኛ ያስገባል። ታሪኩ እንደ ተዘዋዋሪ ዕቃ ነው፤ ወጥቶ ይገባል። አንድ ረጅም ታሪክ ብቻ የሚተርክ ድራማ ግን እንደ መጋዘን ክምችት ነው፤ በየሳምንቱ ይቀነስለታል እንጂ አይጨመርለትም። የመጀመሪያው ቀስ ብሎ ያረጃል። ሁለተኛው ድንገት ያልቃል።

መሥራቹ ሲለቅ

ሁለተኛው ምሳሌ ‹‹ዌስት ዊንግ›› ነው። ይህም በኤንቢሲ የቀረበ የዋርነር ብራዘርስ ሥራ ሲሆን፣ ጆን ዌልስ እንደ ‹‹ኢ አር›› ሁሉ በዋና አዘጋጅነት ሠርቶበታል። ከ1999 ጀምሮ የነጩን ቤተ መንግሥት ሠራተኞች ሕይወት የሚያሳይ ነበር። ፈጣሪው አሮን ሶርኪን የመጀመሪያዎቹን አራት ምዕራፎች ክፍሎች ከሞላ ጎደል ሁሉንም የጻፈ ሲሆን፣ ድራማውም በአራቱም ዓመት የኤሚን የምርጥ ድራማ ሽልማት አግኝቷል። በ2003 ሶርኪንና ዋናው ዳይሬክተር ቶማስ ሽላሚ ለቀቁ። ሲለቁም የፕሬዚዳንቱን ልጅ አስጠልፈው፣ ሥልጣኑንም ለጊዜው ለተቃዋሚው ፓርቲ አፈ ጉባኤ አስረክበው ነው የወጡት። ተተኪው የተረከበው ድርጅት ከነዕዳው ነበር ማለት ነው።

አምስተኛው ምዕራፍ ደካማ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አዲሶቹ ጸሐፊዎች የሶርኪንን አነጋገር ለመምሰል ሞከሩ፤ ኩረጃ ደግሞ ከዋናው አይበልጥም። መሥራቹ የሞተበት ወይም የሸጠው ድርጅት የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ወራሹ የአባቱን ወንበር እንጂ የአባቱን ዓይን አያገኝም።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በስድስተኛው ምዕራፍ ጆን ዌልስና ባልደረቦቹ መምሰሉን ትተው ድራማውን ከቤተ መንግሥቱ አውጥተው የምርጫ ዘመቻ ውስጥ አስገቡት። ጂሚ ስሚትስና አለን አልዳ የተጫወቷቸው ሁለት ዕጩዎች መጡ። አዲስ ጥያቄ ተከፈተ፦ ቀጣዩ ፕሬዚዳንት ማን ነው? ድራማው ነፍስ ዘራ፤ አልዳም በ2006 የኤሚ ሽልማት ወሰደ።

ነገር ግን ተመልካቹ አልተመለሰም። ጣቢያው በሰባተኛው ምዕራፍ ድራማውን ከለመደበት የረቡዕ ምሽት ወደ እሑድ አዛወረው፤ ቁጥሩም ይበልጥ ወረደ። በግንቦት 2006 አበቃ። እንግዲህ የጥራት ማገገምና የገበያ ማገገም አንድ አይደሉም። የተበላሸ ስም ያለው ሱቅ ዕቃውን ቢያስተካክልም ደንበኛው ማስተካከሉን የሚሰማው ዘግይቶ ነው። ሱቁ እስከዚያ ድረስ ኪራይ መክፈል ይችላል ወይ? ጥያቄው ይህ ነው።

የወረደው ሲወደድ፣ ያማረው ሲረሳ

‹‹ጌም ኦፍ ትሮንስ›› ደግሞ ተቃራኒውን መዘግየት ያሳያል። በ2011 የተጀመረው ይህ የኤችቢኦ ድራማ የተመሠረተው በጆርጅ አር አር ማርቲን መጻሕፍት ላይ ነው። አምስተኛው መጽሐፍ በዚያው በ2011 ወጣ፤ ስድስተኛው ግን ሳይደርስ ድራማው ታሪኩን ቀደመው። ክምችቱ አለቀ ማለት ነው። አዘጋጆቹ ጣቢያው ተጨማሪ ምዕራፍ ለመክፈል ፈቃደኛ ሆኖ ሳለ ሰባተኛውን በ7፣ ስምንተኛውን በ6 ክፍል ለመጨረስ ወሰኑ፤ ቀድሞ ግን በየምዕራፉ 10 ክፍል ይቀርብ ነበር። የአንዱ ክፍል ወጪ እስከ 15 ሚሊዮን ዶላር መድረሱ ተዘግቧል። ብሩ በዝቶ ጊዜው አነሰ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ገጸ ባሕርያቱ ያለበቂ ምክንያት ተለዋወጡ። ምዕራፉ እንደገና ይሠራልን የሚለውን አቤቱታ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ፈረመ።

በግንቦት 2019 የመጨረሻው ክፍል ሲተላለፍ ግን 19.3 ሚሊዮን ሰው አየው፤ ለጣቢያው አዲስ ክብረ ወሰን ነበር። ጥራቱ ወርዶ ገበያው ወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ2022 ተከታዩ ‹‹ሃውስ ኦፍ ዘ ድራጎን›› ሲጀምር በመጀመሪያው ምሽት ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ተመልካች ማግኘቱም የተቆጣው ሰው ሁሉ የሄደ ሰው እንዳልሆነ ያስረዳል።

በሌላው ጫፍ ‹‹ብሬኪንግ ባድ›› አለ። በ2008 ሲጀመር 1.4 ሚሊዮን ሰው ብቻ ነበር ያየው። በመጀመሪያው ምዕራፍ የጸሐፊዎች የሥራ ማቆም አድማ ስለገጠመው 7 ክፍል ላይ ተቋረጠ። ሥራው ከምዕራፍ ምዕራፍ እየጠነከረ ሄደ፤ ገበያው ግን ለዓመታት አላወቀውም። ያለፉት ምዕራፎች በኔትፍሊክስ ሲገኙ አዲስ ሰው ከመጀመሪያው እያየ ደረሰበት። በመስከረም 2013 የመጨረሻውን ክፍል 10.3 ሚሊዮን ሰው ተመለከተ። ቪንስ ጊሊጋን ድራማውን የዘጋው በከፍታው ላይ ነው፤ 62 ክፍል፣ አምስት ምዕራፍ። ‹‹ረጅም ድራማ ሁሉ መውደቁ አይቀርም›› የሚሉ ወገኖች ይህን ይመልከቱ። የሚጥለው ዕድሜ አይደለም፤ መጨረሻውን ሳያውቁ መቀጠል ነው።

ለጋሼ የተሰጠ ምክር

ወደ መርካቶው ወዳጄ ልመለስ። በአገራችን የተከታታይ ድራማ ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው በስፖንሰር በመሆኑ፣ ከላይ ያየነው መዘግየት ጉዳቱ የሚያርፈው ስቱዲዮ ወይም ጣቢያ ላይ ሳይሆን በእሳቸው ቢጤ ነጋዴ ላይ ነው። በመጀመሪያ የነገርኳቸው ግን ደስ አላላቸውም። ‹‹ጋሼ፣ ባለቤትዎና ሦስት ልጆችዎ ጥናት አይደሉም፤ አራት ሰው ናሙና አይባልም›› አልኳቸው። ስፖንሰር የሚገዛው ዓይን እንጂ ጥበብ አይደለምና፣ ድራማው ወርዶም ዓይኑ ለአንድ ምዕራፍ ሊቆይ ይችላል። የደብዳቤው ዋጋ ግን ካለፈው ዝና የተቆረጠ መሆኑም እርግጥ ነው። ስለዚህ ከመፈረማቸው በፊት ሦስት ጥያቄ እንዲያቀርቡ መከርኳቸው።

አንደኛ፣ ታሪኩን አሁን የሚጽፈው ማን ነው? ያው ሰው ከሆነ ደህና። ከተለወጠም ችግር የለውም፤ ነገር ግን አዲሱ የራሱን ሐሳብ ይዞ መጥቷል ወይስ የፊተኛውን ይመስላል?

ሁለተኛ፣ መጨረሻው ታውቋል? ስንት ክፍል እንደቀረው የማይነግር አዘጋጅ የሚሸጠው ታሪክ ሳይሆን ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፣ ክፍያው ከተመልካቹ ጋር አብሮ ይወርዳል? የዓመቱን በአንድ ጊዜ ከመክፈል በየ13 ክፍሉ መክፈል፣ ዋናው ተዋናይ ወይም ደራሲው ቢለቅ ውሉን ያለ ቅጣት ማፍረስ የሚያስችል አንቀጽ ማስገባት። ሻጩ በሥራው የሚተማመን ከሆነ ይህን አንቀጽ አይፈራም።

ይህ ምክር ለድራማ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2025 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ያለፈውን የትርፍ ድርሻ እያየ አክሲዮን ለመግዛት የሚጣደፈው ሰው ብዙ ነው። እሱም ሦስቱን ጥያቄዎች ቢጠይቅ አይጎዳም፤ ድርጅቱን አሁን የሚመራው ማን ነው? ወዴት እየሄደ ነው? ባይሳካ መውጫዬ የት ነው?

ነጋዴው ምክሬን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ስልካቸውን አንሥተው አዘጋጁ ዘንድ ደወሉ። ስለ ዋጋው ምንም አልተናገሩም። ‹‹ልጄ፣ መጨረሻውን ጽፋችሁታል?›› ብለው ብቻ ጠየቁ። ከወዲያኛው በኩል ‹‹ተነጋግረን እንደውላለን›› የሚል መልስ ተሰጣቸው። ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት እስከገባበት ሰዓት ድረስ አልተደወለላቸውም።