አውሮፕላኑ ከማረፉ በፊት

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል በንፋስ ስልክ ላፍቶ «ኦልድ ኤርፖርት» የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በአጠገቡ ከነበረው ከልደታ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው። ቦሌ ከመሠራቱ በፊት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዳኮታዎች ከዚያ እየተነሡ በየጠቅላይ ግዛቱ የሣር ሜዳ ላይ ያርፉ ነበር። ዛሬ እንዲህ ባለው ሰፈር ፎቅ ላይ በአንድ የጉዞ ቢሮ ውስጥ ካርታ ተዘርግቶ፣ በትንሽ አውሮፕላን ከፓርክ ወደ ፓርክ እየተዘዋወሩ የዱር አራዊት ለሚያዩ ጎብኚዎች ዕቅድ ሲወጣ፣ ማረፊያው ይመረጣል፤ ድንኳን የሚተከልበት ወንዝ ዳር ይመረጣል፤ ቀኑና ዋጋውም ይወሰናል። በዚያ ወንዝ ከብቱን የሚያጠጣው ሕዝብ ግን ነገሩን የሚያውቀው አውሮፕላኑ ከራሱ በላይ ሲያንዣብብ ነው።

በካርታ ላይ ተጨርሶ የመጣ ዕቅድ ምን እንደሚመስል የዚያው ክፍለ ከተማ የቀድሞ ገበሬዎች ያውቁታል። በለቡና በጀሞ ጤፍ ይዘራበት የነበረው መሬት ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። ከተማው ማደጉ አይቀርም ነበር፤ ገበሬው የተጠራው ግን አብሮ እንዲያቅድ ሳይሆን የካሣውን ወረቀት እንዲፈርም ነው።

በየገጠሩ ያሉ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች (በአስተዳደር ስሙ ቀበሌ ቢሆንም ሕዝቡ ገበሬ ማኅበር ማለቱን አልተወም) የመኪናና የአውሮፕላን ጎብኚን ልዩነት ልብ ሊሉት ይገባል። በመኪና ወደ ኦሞና ማጎ ፓርኮች የሚሄድ ሰው በሶዶ፣ በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል ሁለት ቀን ያህል ይጓዛል። በመንገዱ ምሳ ይበላል፤ ያድራል፤ ሙዝ ይገዛል። በአውሮፕላን የሚሄደው በሁለት ሰዓት ገደማ ይደርሳል፤ በመካከል ያለው አገር ሁሉ ለእርሱ ከደመና በታች የሚታይ ሥዕል ነው። የመንገድ ዳር ገቢ ቀረ ማለት ነው። እንግዲህ ገንዘብ ሊቀር የሚችለው በሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው፤ እዚያ የሚቀረው ደግሞ አስቀድሞ በውል የተጻፈው ያህል ነው።

ሆኖም ትንሹ አውሮፕላን አንድ ድካም አለበት፤ ይኸውም ዕቃ አይችልም። በእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ለአንድ መንገደኛ በብዙ ቦታ የሚፈቀደው አሥራ አምስት ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ ለአሥር ሰው የሳምንት ስንቅ ከመሬት መገኘት አለበት። ይህ ካልተዘጋጀ ሽንኩርቱም፣ እንቁላሉም፣ በጉም ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ተጭኖ ቀድሞ ይሄዳል፤ የአካባቢው ዶሮ አርቢም መኪናው ሲያልፍ ቆሞ ያያል። ማኅበሩ ግን «በዚህ ቀን ይህን ያህል እንቁላል፣ ይህን ያህል ማር፣ ሁለት በግ እናቀርባለን» ብሎ አስቀድሞ ቢዋዋል፣ ቢሮውም የመኪናውን ወጪ ይቀንሳል። የሜዳው ጉዳይም አለ። ዝናብ የቦረቦረውን መሙላት፣ የምስጥ ኩይሳ ማፍረስ፣ አውሮፕላን ሲመጣ ከብት ማገድ ሁሉ ሥራ ነው። በጂንካ አዲሱ ማረፊያ በ2009 ዓ.ም. እስከተመረቀ ድረስ የድሮው የሣር ሜዳ በከተማዋ መካከል ነበርና ከብት ይግጥበት ነበር። ለዚህ ሥራ ለጥበቃው የቀን ደመወዝ፣ ለማኅበሩ ደግሞ ለእያንዳንዱ ማረፍ የተቆረጠ ክፍያ መጠየቅ ነውር የለበትም።

በሌሎች አገሮች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በኬንያ ጎብኚዎች ከናይሮቢ ዊልሰን ማረፊያ ተነሥተው ማሳይ ማራ ሣር ላይ ያርፋሉ፤ በዙሪያው ባሉት የጋራ ጥብቅ ቦታዎች ባለመሬቶቹ ማሳዮች ከካምፖቹ የመሬት ኪራይ ይቀበላሉ። በኡጋንዳ ሕግ ከፓርክ መግቢያ ገቢ 20 በመቶው ለአካባቢው ሕዝብ ነው። ሩዋንዳም ከቱሪዝም ገቢ ለፓርክ አዋሳኝ ሕዝብ ትሰጠው የነበረውን 5 በመቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 10 አሳድጋለች።

ሩቅ ሳይኬድም የመንዝ ጓሳ አለ። የመንዝ ገበሬዎች የጓሳውን ሣር ለዓመታት እየዘጉ፣ ሲደርስ በደንብ እየከፈቱ ለዘመናት ጠብቀውታል። የጥንቱ የቄሮ ሥርዓት ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሲፈርስ ጥበቃውን የተረከበው ከገበሬ ማኅበራት የተውጣጣ ኮሚቴ ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጣ እንግዳ የሚያርፈው ማኅበረሰቡ ባዘጋጀው ማረፊያ ነው፤ ደንቡ ቀድሞ ስለነበረ እንግዳው ደንቡን ያከብራል። በአንጻሩ አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅት ነጭ ሳርንና ኦሞን ለማስተዳደር ተረክቦ፣ በውስጣቸው የሚኖረው ሕዝብ የመሬት ጉዳይ ሳይፈታ እ.ኤ.አ. በ2008 ጥሎ ወጥቷል።

ጥፋቱ ሁሉ የቢሮ ብቻ ነው ማለት ግን አይቻልም። መቶ እንቁላል ቃል ገብቶ አርባ የሚያመጣ ማኅበር ሁለተኛ አይጠየቅም። የማረፊያው ክፍያ በአንድ ሊቀ መንበር ኪስ ገብቶ ደረሰኝ ከጠፋም፣ ከብቱን ከሜዳው የሚያግድ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አይገኝም።

አስቸጋሪው ጊዜው ነው። ለደረቁ ወራት፣ ለታኅሣሥና ለጥር የሚሆነው ጉዞ የሚታቀደው ወራት ቀድሞ ነው፤ በብዙ ቦታ ያን ጊዜ ገበሬው አረም ላይ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ በሰኔ ስብሰባው ሁለት ወኪሎች መርጦ፣ የአቅርቦቱን ዝርዝርና የሜዳውን ክፍያ በጽሑፍ አስይዞ፣ በሐምሌ ወደ አዲስ አበባ ቢልክ፣ የወኪሎቹንም ማሳ ማኅበርተኛው በደቦ ቢያርምላቸው፣ ዕቅዱ ሳይታተም ይደርሱበታል።