የነቀምት ስም የማን ነው?

የወለጋ ቡና በውጭ ገበያ «ለቀምቲ» እየተባለ ይሸጣል፡፡ የነቀምት የድሮ ስም ነው፤ ነጋዴው ይዞት ባሕር ተሻገረ፣ እኛ ነቀምት ብለን ቀጠልን፡፡ እስቲ እንጠይቅ፤ ነገ አንድ የማናውቀው ሰው ይህን ስም በዶት ኮም አስመዝግቦ የሌላ አገር ቡና ቢቸበችብበት ምን እናደርጋለን?

«ከሰን እናስመልሳለን» የሚል አይጠፋም፡፡ ነገሩ ግን ቀላል አይደለም፡፡ አይካን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባጸደቀው ደንብ ከሳሽ ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት፤ የድረ ገጹ ስም ከንግድ ምልክቱ ጋር እንደሚመሳሰል፣ ያስመዘገበው ሰው በስሙ ላይ መብት እንደሌለው፣ ያስመዘገበውም የሚጠቀምበትም በክፉ ልቦና እንደሆነ፡፡ ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው በር የንግድ ምልክት ነው፡፡ ምልክት የሌለው ከደጅ ይመለሳል፡፡

አገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ ስታመለክት የዚያው አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፡፡ ከስታርባክስ ጋር የነበረውም ውዝግብ በ2007 በስምምነት አለቀ፡፡ ከሦስቱ ስሞች መካከል ግን ነቀምት አልነበረችም፡፡

ታዲያ የከተማዋን ስም ጠቅልለን ለባለ ምልክት እንስጥ እያልን ነው? በፍጹም! የባርሴሎና ማዘጋጃ ቤት በከተማዋ ስም የተከፈተ ዶት ኮም ይገባኛል ብሎ በ2000 ተፈረደለት፡፡ በ2003 ግን የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው፤ የከተማ ስም ብቻውን የንግድ ምልክት አይሆንም አለ፡፡ እኛም እንስማማለን፡፡ አንድ የነቀምት ልጅ ስለ ከተማው የሚጽፍበትን ገጽ በከተማው ስም ቢከፍት ማንም ሊነጥቀው አይገባም፡፡ ስሙ ከቡና ጋር ሲጣመር የገበሬው ነው፤ ብቻውን ሲቆም የሁላችንም ነው፡፡

ፍትሑም ቢሆን ይጎድለዋል፡፡ ጉዳዩ የሚታይበትን ተቋም የሚመርጠው ከሳሽ ነው፡፡ በዓለም አቀፉ የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ለመክሰስ ትንሹ ክፍያ 1,500 ዶላር ነው፤ ይህን ከየትኛው የገበሬ ማኅበር ካዝና እናውጣው? ተከሳሽ ደግሞ ለመልስ የሚሰጠው 20 ቀን ነው፤ ከጠየቀ 4 ቀን ይጨመርለታል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በምዕራብና በቄለም ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፡፡ ያኔ የደምቢ ዶሎ ወጣት ተከሶ ቢሆን ክሱ በኢሜይል መጥቶ፣ ቀኑ አልፎ፣ ሳይሰማ ሊፈረድበት ይችል ነበር፡፡

ስለዚህ ሁለት ነገር እንላለን፡፡ የወለጋ የቡና ገበሬዎች ማኅበራት ከአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጋር ሆነው የቡናውን ስም በየገበያው ያስከብሩ፡፡ ደንብ አውጪዎቹም ኔትወርክ በተቋረጠበት አገር ቀን መቁጠር ያቁሙ፡፡

ከመቃብር በላይ ስም ይውላል ይባላል፡፡ እኛ ግን በሕይወት ሳለን እናስመዝግበው!